ሎዋር ሸለቆ ከእናት ጋር፦ የትኛው ሻቶ፣ የትኛው ዋሻ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። በሴፕቴምበር አጋማሽ፣ የመንገዱን ሳይቆጥር፣ 4 ቀን እረፍት አለን። እኔ፣ ባለቤቴና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ሆነን ፈረንሳይ፣ ሎዋር ሸለቆ ሄደን ጥንታዊዎቹን ቤተ መንግሥቶች ለማየት አስበናል። ዝርዝራቸውን ሳይ ግን ግራ ገባኝ፤ ማለቂያ የለውም። የትኞቹን እንምረጥ? መኪና መከራየት የግድ ነው? ባለቤቴ ወይን ይወዳል። እናቴ ደግሞ አልኮል አትቀምስም፣ ጉልበቷንም ያማታል። ሁላችንንም የሚያስደስት ጉዞ ይሆናል?»

እህቴ፣ በደንብ ይሆናል። እንዲያውም ከፈረንሳይ የወይን አገሮች ሁሉ ለእንደናንተ ዓይነት ቤተሰብ የምመርጠው ሎዋርን ነው። ሌላ ቦታ የወይን ማሳ ለማሳ ሲዞር የሚውል የማይጠጣ ሰው ይሰለቸዋል። እዚህ ግን ወይኑን ጨርሰሽ ብትተዪው እንኳ ታሪኩ፣ አትክልቱና ወንዙ ቀኑን ይሞሉታል።

በአስጎብኚነት ስሠራ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ሰው በ4 ቀን 10 ሻቶ፣ ማለትም 10 ጥንታዊ ቤተ መንግሥት፣ ለማዳረስ ይነሳል። በሦስተኛው ቀን ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የንጉሡ አልጋ፣ ሁሉም ይደበላለቅበታል። የትኛውን የት እንዳየው ይጠፋዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፤ በቀን ከአንድ ትልቅ ሻቶ በላይ አትያዙ። ከሰዓት በኋላውን ለአንድ ዋሻ ወይም ለአንድ አትክልት ቦታ ተዉት። ዋሻ ማለቴ በምክንያት ነው። ሻቶውና ወይኑ የወጡት ከአንድ ጉድጓድ ነውና ለየብቻ ካያችኋቸው ግማሹ ያመልጣችኋል።

ነገሩ ከድንጋዩ ይጀምራል። ከቱር ከተማ እስከ ሶሚር ባለው አገር የምታዪው ነጭ ግንብ፣ ከንጉሥ ቤት እስከ ተራ የመንደር ቤት፣ በአብዛኛው የተሠራው ቱፎ ከሚባል የኖራ ድንጋይ ነው። የዛሬ 90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይህ አገር ባሕር ነበር። ድንጋዩ የዚያ ባሕር ወለል ነው። በእጅሽ ብትይዢው ከምትጠብቂው በላይ ቀላል ነው። በጥፍርሽ ብትፍቂው ይፋቃል፤ ጣትሽ ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ፀሐይ ላይ አድርገሽ ጠጋ ብለሽ ብታዪው ደግሞ ውስጡ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉት። እንዲህ ለስላሳ ስለሆነ ጠራቢዎቹ በመጋዝ ይቆርጡት ነበር። አበባም፣ አውሬም፣ የንጉሥ ስምም ያወጡበታል። የመስኮቶቹን ዙሪያ ስታዪ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ትዝ ይልሻል። ጉዳቱ ውሃ መጠጣቱ ነው። ዝናብና ውርጭ ሲፈራረቁበት ይላጣል። አንድ ግድግዳ ላይ የጠቆረና ጥርት ያለ ነጭ ድንጋይ ጎን ለጎን ካየሽ፣ ነጩ በቅርቡ የተተካ ነው።

ይህ ሁሉ ድንጋይ የወጣው ከወንዙ ዳር ካለው ገደል ነው። ገደሉን ወደ ውስጥ እየቦረቦሩ ቆረጡት፤ በጠፍጣፋ ጀልባ ጭነው በወንዙ አመላለሱት። ድንጋዩ ሻቶ ሆነ። የወጣበት ጉድጓድ ደግሞ ዋሻ ሆኖ ቀረ። የዋሻው ሙቀት ክረምት ከበጋ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። ጨለማ ነው፣ እርጥበት አለው። ለወይን ከዚህ የተመቸ ቤት የለም፤ ስለዚህ ወይን ጠማቂዎች ገቡበት። እንጉዳይ አብቃዮችም ገቡበት። ሰውም ቤት አድርጎት ኖሯል፣ ዛሬም የሚኖር አለ። ቩቭሬ መንደር አካባቢ ከገደሉ አናት ላይ የጭስ ማውጫ ብቻውን ብቅ ብሎ ታያላችሁ። ከሥሩ የሰው ጓዳ አለ ማለት ነው። እና ባለቤትሽ ወይን ሲቀምስ እናትሽ ሥራ ፈተው የሚቀመጡ እንዳይመስልሽ። እሳቸውም የሚያዩት ነገር አላቸው፤ ጠዋት ያዩት ግንብ ከየት ተቆርጦ እንደወጣ እያዩ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ከፍራንክፈርት ፓሪስ ምሥራቅ ጣቢያ፣ ማለትም ጋር ደ ለስት፣ የሚያደርስ ቀጥታ ፈጣን ባቡር አለ፤ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ወደ ሞንፓርናስ ጣቢያ መሻገር አለባችሁ። ሜትሮ መስመር 4 ሁለቱን በቀጥታ ያገናኛል። ግን ከነሻንጣው፣ ከነደረጃው፣ ለታመመ ጉልበት አይመከርም። ታክሲ ያዙ፤ ሁለተኛው ባቡር እንዳያመልጣችሁም ሰፋ ያለ ጊዜ ተዉ። ከሞንፓርናስ ቴዤቬ በሚባለው የፈረንሳይ ፈጣን ባቡር ቱር ወይም አጠገቡ ያለው ሳን ፒየር ደ ኮር ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። የእናትሽ ቪዛ ጀርመን የሰጠችው የሼንገን ቪዛ ከሆነ ፈረንሳይም ይሠራል። ፓስፖርታቸው ግን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን። ባቡር ላይ ፍተሻ ያጋጥማል።

ማደሪያችሁን ቱር ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው አካባቢ አድርጉት። ሰው ብዙ ጊዜ አምቧዝን ይመርጣል፤ ውብ ትንሽ ከተማ መሆኗን አልክድም። ነገር ግን የአካባቢው ባቡሮች የሚነሱት ከቱር ነው። በየቀኑ ሻንጣ ሳትጎትቱ ወጥታችሁ ማታ አንድ አልጋ ላይ ትመለሳላችሁ። መኪናውን ለሁለት ቀን ብቻ ተከራዩ፤ ሌላው በባቡርና በታክሲ ያልቃል። የምትነጂው ግን አንቺ ነሽ። ፈረንሳይ ውስጥ ለነጂ የተፈቀደው በአንድ ሊትር ደም ግማሽ ግራም አልኮል ነው። መንጃ ፈቃዱ 3 ዓመት ላልሞላው ደግሞ 0.2 ግራም፤ አልቀመሰም እንደማለት ነው። ወይን የሚቀምስ ሰው መሪ አይያዝም፣ አለቀ።

የመጀመሪያውን ቀን ለሸኖንሶ ስጡት። ለእናትሽ አንድ ሻቶ ብቻ ምረጥ ብትይኝ እሱን ነው የምመርጠው። ከቱር በአካባቢው ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ጣቢያው ከበሩ ፊት ለፊት ነው ማለት ይቻላል። ባቡሩ ግን በየሰዓቱ የለም፤ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድማችሁ ያዙ።

ሸኖንሶ ሼር በሚባለው የሎዋር ገባር ላይ ቆሟል። ዳር ላይ አይደለም፤ ውሃው ላይ ነው። ያሠራው ቶማ ቦዬ የሚባል የንጉሥ ገንዘብ ሹም ነበር፤ ሥራው የተጀመረው በ1513 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሰውዬው ንጉሡን ተከትሎ ጣሊያን ጦር ሜዳ ስለሚከርም፣ ግንባታውን የተቆጣጠረችው ሚስቱ ካትሪን ብሪሶኔ ነች። በዚያ ዘመን የሻቶ ደረጃ ጠመዝማዛ ነበር። እዚህ ግን ቀጥ ያለ ሰፊ ደረጃ ተሠራ፤ በፈረንሳይ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የእናትሽ ጉልበት ካትሪንን ያመሰግናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የሎዋርን ነገር የሚፈታው እሱ ነውና። ከቆንጆዎቹ ሻቶዎች ብዙዎቹን ያሠሩት ነገሥታት አይደሉም፤ የግብርና የግምጃ ቤት ሹሞች ናቸው። ሸኖንሶን ቦዬ፣ አዜ ለ ሪዶን ዢል ቤርትሎ፣ ቪላንድሪን ዣን ለ ብረቶን። ሁሉም በገንዘብ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። የወቅቱ የፈረንሳይ ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ በ1525 ጣሊያን ውስጥ፣ ፓቪያ ላይ ተሸንፎ ተማረከ። ከምርኮ ተመልሶ ካዝናውን ሲያይ ባዶ ነው። ዓይኑን ወደ ሹሞቹ አዞረ። የሁሉም አለቃ የነበረው ሽማግሌው ሳምብላንሴ በ1527 ፓሪስ ላይ ተሰቀለ። ዘመዱ ቤርትሎ አዜን ሳይጨርስ አገር ጥሎ ሸሸ። ቦዬና ሚስቱ ቀድመው ሞተው ስለነበር ዕዳው በልጃቸው ላይ ወረደ፤ በ1535 ሸኖንሶን ለዘውዱ አስረከበ። ሳምብላንሴ የቱር ሰው ነበር። በስሙ የሚጠራው የነጭ እብነ በረድ ፏፏቴ ዛሬም መሃል ቱር ላይ አለ፤ ማታ በእግር ስትወጡ እዩት።

በ1547 ዳግማዊ ሄንሪ ነገሠና ሸኖንሶን ለውሽማው ለዲያን ደ ፗቲዬ ሰጣት። ዲያን ከሻቶው እስከ ማዶው ዳርቻ ድልድይ አሠራች፤ ትልቁን አትክልት ቦታም ተከለች። ሄንሪ በ1559 በጦር ግጥሚያ ላይ ቆስሎ ሞተ። ሕጋዊ ሚስቱ ካትሪን ደ ሜዲቺ ጊዜ አልሰጠቻትም። ሸኖንሶን ልቀቂ፣ ሾሞን የሚባለውን ሌላ ሻቶ ውሰጂ አለቻት። ከዚያም ጣውንቷ ባሠራችው ድልድይ ላይ 60 ሜትር የሚረዝም አዳራሽ ገነባችበት። ዛሬ ሁለት አትክልት ቦታ አለ። አንዱ የዲያን ነው፣ አንዱ የካትሪን፤ ግራና ቀኝ ተፋጥጠው ተቀምጠዋል። እናትሽ ይህን ታሪክ እየሰሙ ሲዞሩ ወንበር የሚፈልጉ አይመስለኝም።

አዳራሹ ውስጥ ስትገቡ ወደ ታች ተመልከቱ። ወለሉ ጥቁርና ነጭ ዳማ ነው። ጥቁሩ ሰሌዳ ድንጋይ፣ ነጩ ያው ቱፎ ነው። ነጩ ስለሚለሰልስ በሰው እግር ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ጥቁሩ ከፍ ብሎ ቀርቷል። በጫማችሁ ይታወቃችኋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ይህ አዳራሽ ሆስፒታል ነበር። ሻቶውን በ1913 የገዛው የቸኮሌት ነጋዴዎቹ የመኒዬ ቤተሰብ በራሱ ወጪ አስታጥቆት ከ2,000 በላይ ቁስለኞች ታክመውበታል። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ፈረንሳይን ለሁለት የከፈለው መስመር በሼር ወንዝ ላይ ያልፍ ነበር። የሻቶው ዋና በር በጀርመን በተያዘው በኩል ነው። የአዳራሹ የደቡብ በር ነፃ በሚባለው በኩል ይከፈታል። በዚያ በር ያመለጡ ሰዎች ነበሩ። እዚያው በር ላይ ቁሙና ሁለቱንም ዳርቻ እዩ።

ምድር ላይ ያለው ክፍል፣ የጸሎት ቤቱና አዳራሹ ያለ ብዙ ደረጃ ይታያሉ። ማድ ቤቱ ግን ከወለሉ በታች፣ በድልድዩ እግሮች ውስጥ ነው፤ መውረድ ይጠይቃል። ስንቁን በጀልባ ከታች የሚያስገቡበት ነበር። እናትሽ መውረድ ካቃታቸው አንቺ ወርደሽ ፎቶ አንሽላቸው።

ሁለተኛው ቀን አምቧዝ ይሁን። በባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ለእናትሽ ታክሲ ይያዝ። አምቧዝ የንጉሥ ሻቶ ነው፤ ከነበረው የቀረው ግን ጥቂቱ ነው። ንጉሥ ስምንተኛው ሻርል የተወለደው እዚህ ነው። በ1494 ጣሊያን ዘምቶ የእጅ ባለሙያዎችን ይዞ ተመለሰ። በ1498 እዚሁ የበር ጉበን ጭንቅላቱን መትቶት በ27 ዓመቱ ሞተ። ሊያዩት የሚገባው ዋናው ነገር ግንቡ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ደረጃ የለውም፤ ፈረሰኛ ከነፈረሱ ከወንዙ ዳር እስከ ላይ ይጋልብበት ነበር። የአልጄሪያው መሪ አሚር አብዱልቃድርም ከ1848 እስከ 1852 እዚህ ከቤተሰቡና ከተከታዮቹ ጋር ታስሮ ቆይቷል። ግቢው ውስጥ እዚያው ለሞቱት ሰዎቹ መታሰቢያ ቆሟል። ብዙ ጎብኚ ሳያየው ያልፋል፤ እናንተ እንዳታልፉት።

በግቢው ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽዬ የጸሎት ቤት ውስጥ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው ተብሎ የሚታመን አፅም አርፏል። ሊዮናርዶን በ1516 የጋበዘው ቀዳማዊ ፍራንሷ ነው። ከሻቶው በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ ክሎ ሉሴ የሚባል ቤት ሰጠው። እዚያው በሜይ 2 ቀን 1519 ሞተ። ሞና ሊዛን ከጣሊያን ይዞ የመጣው ወደዚህ ቤት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የቀረችበት ምክንያትም ይኸው ነው። ቤቱን እናንተ እዩት፤ መናፈሻው ለእናትሽ ይበቃል፣ ጥላና መቀመጫ አለው።

ከሰዓት በኋላ በታክሲ ቩቭሬ ውረዱ። ወደ ቱር መመለሻችሁ ላይ ነው። እዚህ ነጭ ወይን ነው ያለው፤ ፍሬውም ሸኒን የሚባለው ነው። የሸኒን ጉድ አንድ ፍሬ ሆኖ ሳለ አራት ዓይነት ወይን መውጣቱ ነው። ደረቁ አለ፣ ለዘብ ያለው ደሚ ሴክ አለ፣ ማር የሚመስለው ጣፋጩ ሞዌሉ አለ፣ አረፋማውም አለ። የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ሰማዩ ነው። መኸሩ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ፍሬውን እስከ ኦክቶበር ዛፉ ላይ ትተው በየጊዜው የበሰለውን እየመረጡ ይለቅማሉ፤ ጣፋጩ ከዚያ ይመጣል። ፀሐይ ባነሰበት ዓመት ደረቁና አረፋማው ይበዛል። አንቺ አዲስ አበባ ሳለሽ አካሺያ የሚባለውን የአገራችንን ጣፋጭ ወይን የለመድሽ ከሆንሽ በደረቁ አትጀምሪ፣ ፊትሽን ያጨማድድሻል። ከደሚ ሴክ ጀምሪ። ባለቤትሽ ደግሞ ባለቤቶቹን አሮጌ ጠርሙስ እንዲያቀምሱት ይጠይቅ። ጥሩ ዓመት ላይ የተጠመቀ ቩቭሬ ብዙ አሥርት ዓመት ይቆያል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ዋሻ ውስጥ የተኛ ነጭ ወይን ቀምሶ የማያውቅ ሰው እዚህ ይገረማል።

የቅምሻ ሥርዓቱ ቀላል ነው። አስቀድሞ መደወል ጨዋነት ነው። በተለይ ሴፕቴምበር ለቀማ ስለሚጀመር ትንንሾቹ ቤቶች ሥራ ላይ ናቸው። በአውሮፓ ሰዓት ከቀትር 12 እስከ 2 ምሳ ነው፣ በሩ ይዘጋል። ቀምሶ መትፋት ነውር አይደለም፤ ዕቃው ይቀርብላችኋል። ከቀመሳችሁ በኋላ አንድ ሁለት ጠርሙስ መግዛት ደግ ነው፤ ማንም ግን አያስገድዳችሁም። ዋሻውን የሚያስጎበኝ ቤት ምረጡ። ሱቅ ብቻ ያለው ለእናትሽ አይሆንም። አንዳንዱ ጋ ለማይጠጣ ሰው የወይን ጭማቂ ይኖራል። የዋሻው ወለል እርጥብና ወጣ ገባ ነውና የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ። ጋቢያቸውን እንዳትረሺ፤ ውጪው 25 ዲግሪ ቢሆንም ውስጡ ይበርዳል።

ሦስተኛው ቀን ሻምቦር ነው፣ በመኪና። ከቱር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ከውጭ ሲታይ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ከውስጥ ግን ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። ከ400 በላይ ክፍል ያለው ቤት ባዶ ባዶ ይላል። የተዘረፈ እንዳይመስልሽ። በእርግጥ በአብዮቱ ዘመን ዕቃው ተሽጧል፤ ግን ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር። የፍራንሷ ቤተ መንግሥት ዘዋሪ ነበር። ንጉሡ ሲንቀሳቀስ አልጋው፣ ምንጣፉ፣ የግድግዳ መጋረጃው ሁሉ አብሮ ይጫናል። ሲሄድ ግንቡ ባዶውን ይቀራል። በ32 ዓመት ንግሥናው ሻምቦር ያደረበት ጊዜ ቢደመር 3 ወር አይሞላም። ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም። በዚያው ዘመን የኛው ዐፄ ልብነ ድንግል በድንኳን ከተማ ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ፍራንሷ ሻምቦርን ባስጀመረ በዓመቱ፣ በ1520፣ የፖርቱጋል መልእክተኞች ያገኟቸው እዚያው ድንኳናቸው ውስጥ ነው። የጎንደር ግንብ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዐፄ ፋሲል ዘመን ነው። ለእናትሽ ይህን ብትነግሪያቸው ባዶው ክፍል ትርጉም ያገኛል።

መሃሉ ላይ ያለው ደረጃ ግን ባዶም ሆኖ ያጠግባል። ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃ በአንድ ምሰሶ ዙሪያ ተጠምጥመዋል። አንቺ በአንዱ ውጪ፣ ባለቤትሽ በሌላው ይውጣ። በመስኮቶቹ ትተያያላችሁ፣ ግን አትገናኙም። ሐሳቡ የሊዮናርዶ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የሱ ለመሆኑ ፊርማ ባይኖርም በስዕሎቹ ውስጥ ተመሳሳይ ደረጃዎች አሉ። እናትሽ ከታች ተቀምጠው እናንተን ሲያዩ ይደሰቱበታል። ጣሪያው ላይ መውጣት ለናንተ ነው። በኦገስት 1939 የፓሪስ ሙዚየሞች ሥዕሎቻቸውን ከጦርነቱ ሲያሸሹ ያመጧቸው ወደዚህ ነው። ሞና ሊዛም ለጥቂት ጊዜ ወደ ሎዋር ተመልሳ ነበር ማለት ነው።

ሻምቦርን ከከበበው 32 ኪሎ ሜትር አጥር ውስጥ 5,440 ሄክታር ደን አለ። ከሴፕቴምበር አጋማሽ ጀምሮ የአጋዘኖቹ የመራቢያ ወቅት ነው። ማታ ማታ ወንዶቹ ሲያገሱ ይሰማል። ቀኑን በዝግታ ይዛችሁ እስከ ምሽት መቆየት ከቻላችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ።

አራተኛው ቀን የእናትሽ ነው፤ ቪላንድሪ። ሕንፃውን ብትዘሉት አልቆጣም፣ ዋናው አትክልቱ ነው። ዋኪን ካርቫዮ የሚባል የስፔን ሐኪም በ1906 ገዝቶ ያኔ የነበረውን መናፈሻ አፍርሶ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥርዓት እንደገና ተከለው። ጓሮው በ9 እኩል አራት ማዕዘን ተከፍሏል። የተተከለው ጎመን፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ ዱባ፣ ባሮ ሽንኩርት ነው። ግን እንደ ምንጣፍ በቀለም በቀለም ተደርድሯል። ሴፕቴምበር ዱባው የሚጎመራበት ጊዜ ነው። ከላይ ካለው ሰገነት ካልታየ ቅርጹ አይገባም፤ ስለዚህ ጉልበታቸውን ለዚያ ደረጃ ይቆጥቡ። ከዚያ በኋላ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ አዜ ለ ሪዶን ከደጅ እዩ። የሸሸው የቤርትሎ ቤት ነው። ሁለት ክንፍ ብቻ ኖሮት ሳያልቅ ቀርቷል። ኢንድር ወንዝ ከብቦታል፤ ትንሽ ስለሆነ አያደክምም።

ባለቤትሽ ቀይ ወይን ካልቀመስኩ ካለ አዜን ትታችሁ ሺኖን ወደምትባለው ከተማ ሂዱ። የወይኑ ፍሬ ካበርኔ ፍራን የሚባለው ነው። ምሽጉ ደግሞ በ1429 የፈረንሳይዋ ጀግና ዣን ዳርክ ገና ንጉሥ ሆኖ ያልተቀባውን ሰባተኛውን ሻርል ያገኘችበት ነው። እንግሊዞችና አጋሮቻቸው የቡርጎኝ መስፍን ሰዎች ፓሪስን ስለያዙበት ነበር እዚህ የተጠለለው። ነገሥታቱ ሎዋርን የለመዱት ከዚያ ወዲህ ነው። ዋሻዎቹ ከምሽጉ ሥር ናቸው፣ ድንጋዩን ከሥሩ አውጥተው ነው ከላይ የገነቡት። አቀበት ግን አለው።

ብሏ፣ ላንጀ፣ ዩሴ፣ ሸቨርኒ የሚባሉት ሻቶዎች ሁሉም ጥሩ ናቸው፤ ለሌላ ጊዜ አቆዩአቸው። ዝናብ ከጣለ ብቻ አንዱን ቀን ሰርዛችሁ በባቡር አንዤ ከተማ ሂዱ፤ ከቱር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ምሽጉ ውስጥ በ1370ዎቹ መሸመን የተጀመረ የራእየ ዮሐንስ መጋረጃ አለ። ከ140 ሜትር ገደማው 100 ሜትር ያህሉ ተርፏል። አራቱ ፈረሰኞች፣ ሰባት ራስ ያለው አውሬ፣ አዲሲቱ ኢየሩሳሌም፣ ሁሉም በተራ። ራእዩን ከመጽሐፍ ቅዱስ ለሚያውቅ ሰው አስጎብኚ አያስፈልገውም፤ እናትሽ ለናንተ ያስረዳሉ።

ቱር ውስጥም ለእሳቸው የሚሆን አለ። የቅዱስ ማርቲን መቃብር እዚያው ከተማው መሃል፣ ባሲሊካው ሥር ነው። ልብሱን በሰይፍ ለሁለት ቆርጦ ግማሹን ለበረደው ለማኝ የሰጠው ወታደር፣ በኋላ የቱር ጳጳስ የሆነው። ያረፈው በ397 ነው፤ ከኬልቄዶን ጉባኤ በፊት። የአካባቢው ገበሬዎች ደግሞ የወይን ቅርንጫፍ መግረዝን ያስተማረው የሱ አህያ ነው ይላሉ። አህያው የጋጠው ግንድ በዓመቱ የበለጠ አፈራ ነው ተረቱ።

ስለ ምግብ ባጭሩ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ «ቬጋን» የሚለው ቃል ይበቃችኋል፣ ይገባቸዋል። ፉዌ የሚባል በእንጨት እሳት የሚጋገር ትንሽ ትኩስ ዳቦ አለ፤ ነጭ ባቄላ ይሞሉበታል። ባቄላው በስብ አለመሠራቱን ጠይቁ። የዋሻ እንጉዳዩም በቅቤ ስለሚጠበስ በዘይት በሉ። በፍስኩ ቀን ሳንት ሞር የሚባለውን መሃሉ ላይ ጭድ የተሰካበትን የፍየል አይብ ከደረቅ ቩቭሬ ጋር ሞክሩት።

በመጨረሻ ቀኑን አጣሩ። በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜና እሑድ የቅርስ ቀን ነው። በመላው ፈረንሳይ ሌላ ጊዜ የሚዘጉ ቤቶች ይከፈታሉ፤ ትልልቆቹ ሻቶዎች ደግሞ በሰው ይጨናነቃሉ። ጉዟችሁ ከሱ ጋር ከገጠመ ሸኖንሶንና ሻምቦርን በሥራ ቀን አድርጓቸው፣ ቅዳሜውን ለቱር ከተማ ስጡት። የሸኖንሶን ትኬት አሁኑኑ በኢንተርኔት ግዙ፤ በሩ ሲከፈት የሚያስገባውን ያዙ። ሲገዙ ስለ ተሽከርካሪ ወንበር መኖር አለመኖሩንም በስልክ ጠይቁ። እናትሽ «አያስፈልገኝም» ቢሉም ጠይቁ።